ከጠረጴዛዬ እስከ ቆርቆሮው 11 ሜትር

የአውሮፕላን መከታተያዬ አንቴና ጣሪያ ላይ፣ ኮምፒውተሯ ሳሎን ውስጥ፣ በመካከላቸው 11 ሜትር። አምስት ወር የበላችኝ ይህቺ 11 ሜትር ናት። እናንተ በአንድ ቅዳሜ እንድትገላገሉት ብዬ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ነው። እንጀራዬ የኮምፒውተርና የሞባይል ጥገና ነው። አውሮፕላን መከታተል የጀመርኩት እንደ ቀልድ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፍ ሲል ድምፁ ይሰማኛል። ከየት ዞሮ እንደሚመጣ ማየት አማረኝ።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። አብዛኞቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ማንነታቸውን፣ ያሉበትን ቦታ፣ ከፍታና ፍጥነታቸውን በ1090 ሜጋ ኸርዝ ሳያቋርጡ ይናገራሉ። ኤዲኤስ-ቢ ይባላል። ቦታቸውን በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ይነግሩናል። መልእክቱ የተቆለፈ አይደለም፣ መቀበያ ያለው ይሰማዋል። መቀበያዋ ደግሞ ድሮ ኢንተርኔት እንጠቀምባት የነበረችውን ዶንግል የምትመስል፣ በመጀመሪያ ቴሌቪዥን ለማየት የተሠራች አርቲኤል-ኤስዲአር የምትባል ዕቃ ናት። እሷን ራስበሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ዳምፕ-1090 የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንኩ። ካርታው ላይ ትንንሽ አውሮፕላኖች መንቀሳቀስ ጀመሩ። በቁጥር 040 የሚጀምር መለያ ያለው አውሮፕላን ሳይ ኢትዮጵያ የተመዘገበ መሆኑን አውቃለሁ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ዕቃዋ መቀበል እንጂ ማስተላለፍ አትችልም። ቢሆንም ሬድዮ ነክ ነገር ነውና ከውጭ ከማስመጣታችሁ በፊት ደንቡን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቁ። በኋላ ከመሯሯጥ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

መጀመሪያ አንቴናዋን መስኮት ላይ አስቀመጥኳት። የማየው 60 እና 70 ኪሎ ሜትር ድረስ ብቻ ነበር፣ እሱም በአንድ በኩል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይህ ሞገድ እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ግድግዳ ይይዘዋል፣ ቆርቆሮ ጭራሽ ይመልሰዋል። በ11 ሺህ ሜትር የሚበር አውሮፕላን፣ ተራራ ካልከለለው፣ ከጅማ ሆነን ሲሰላ እስከ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ መታየት ይችላል። እኛ ግን በኮረብታ የተከበብን ሰዎች ነን። በጅሬን በኩል የሚከልለኝን መቼም አላነሣውም። ጣሪያ ላይ መውጣት ግን እችላለሁ።

ለመውጣት የአከራዬን ፈቃድ ያስፈልገኛል። እማማ ከታች ቆመው መሰላሉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ደግሞ ምን ልትሰልል ነው?»

«እማማ፣ አውሮፕላን የት እንደደረሰ የሚያሳይ ነው። መስማት ብቻ ነው፣ አይናገርም።»

«ከአዲስ አበባ የሚመጣውንም?»

«እሱንም።»

ልጃቸው አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። ከዚያ በኋላ መሰላሉን ራሳቸው ያዙልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። አንቴናውን ከኮምፒውተር ለማገናኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መቀበያዋን ኮምፒውተሩ ጋ ትቶ የአንቴናውን ገመድ ማርዘም ነው። ሁለተኛው መቀበያዋን አንቴናው ጋ አውጥቶ የዩኤስቢውን ገመድ ማርዘም ነው። ሁለቱ ገመዶች ጠባያቸው ለየቅል ነው። የአንቴና ገመድ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ነው የሚወስድባችሁ። ዩኤስቢ ግን እስከ ወሰኑ ድረስ ምንም አይቀንስም፣ ወሰኑን ሲያልፍ ደግሞ ዝም ይላል። ወይ ሙሉ ነው ወይ ባዶ።

በቁጥር እንየው። ከአንቴናው ጋር የሚሸጠው ጥቁር ቀጭን ገመድ አብዛኛውን ጊዜ አርጂ-58 ወይም ከሱ የቀጠነው አርጂ-174 ነው። አርጂ-58 በዚህ ፍሪኩዌንሲ በሜትር 0.6 ዴሲቤል ገደማ ይበላል። በ12 ሜትር 7 ዴሲቤል ይሆናል ማለት ነው። 3 ዴሲቤል ሲጠፋ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል። 6 ሲጠፋ የምታዩበት ርቀት ራሱ ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ በ12 ሜትር አርጂ-58 ጣሪያ ላይ መውጣታችሁ ከንቱ ሊሆን ነው። አርጂ-174ማ አይነሣ።

እኔም ይህን አንብቤ «እንግዲያው ዩኤስቢውን ላርዝመው» አልኩ። ሱቅ ሄጄ ሁለት ባለ 3 ሜትር፣ አንድ ባለ 5 ሜትር ማራዘሚያ ገዝቼ ቀጣጠልኳቸው። 11 ሜትር! ፓይዋ ዶንግሏን ጭራሽ አላየቻትም። መዝገቧ ውስጥ «ስህተት 71» እያለች ትለፈልፋለች። ይህን ቁጥር ካያችሁ ፕሮግራም እንደገና በመጫን ቀን አታቃጥሉ። አብዛኛውን ጊዜ የገመድ ወይም የኃይል ችግር ነው። እኔ ሁለት ምሽት ፕሮግራም ስጭን አድሬያለሁ። ያውም ጠጋኝ ነኝ ባዩ።

የዩኤስቢ 2 ገመድ ወሰኑ 5 ሜትር ነው። ይህ ነጋዴ ያወጣው ቁጥር አይደለም። ኮምፒውተሩ ጥያቄ ልኮ መልስ የሚጠብቀው እጅግ ለአጭር ጊዜ ነው። ገመዱ ሲረዝም ምልክቱ ደርሶ እስኪመለስ ያቺ ጊዜ ታልፋለች። ወርቅ የተቀባ መሰኪያ ብትገዙም ጊዜዋ አትጨምርም።

ሁለተኛው ችግር ኃይሉ ነው። ዶንግሏ 280 ሚሊ አምፔር ገደማ ትስባለች። ርካሽ ገመድ ውስጥ ያለው ሽቦ ደግሞ ፀጉር ነው። በገመዱ ቆዳ ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ ቁጥር ፈልጉ፦ 28፣ 24፣ 20። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። 28 ቁጥር በሜትር 0.21 ኦም ገደማ አለው፣ 24 ቁጥር ከዚያ ከግማሽ በታች ነው። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ ርዝመቱን በሁለት አባዙት። የኔ 11 ሜትር 22 ሆነች ማለት ነው።

አንዱን የተበላሸ ማራዘሚያ ልጬ፣ ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ አጋልጬ መጨረሻው ላይ ቀጠልኩት። ቴስተሬን አስገባሁ። ባዶውን 4.98 ቮልት አለኝ። «ይኸው ደህና ነው» ብዬ ልነቅል ስል ዶንግሏን ሰካኋት። ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ወደ 3.8 ወረደ። ለካ ሸክም ሳይኖር መለካት ራስን ማታለል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደንበኛም ቢሆን ዕቃው ሳይሰካ ቮልት አልለካም። ለዩኤስቢ ዕቃ ከ4.4 በታች ሲሆን ነገር ተበላሽቷል በሉ።

ሦስተኛ ሙከራዬ ሁለት ትንንሽ ሳጥን ነበረች። አንዷን እዚህ፣ አንዷን እዚያ ታደርጉና በመካከል የኔትወርክ ገመድ ይገባል። ማሸጊያው 50 ሜትር ይላል። ዶንግሏ ታየች! ጮቤ ረገጥኩ። ግን ካርታው ላይ አንድም አውሮፕላን የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ዶንግሏ በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና፣ እያንዳንዱን በሁለት ባይት ትልካለች። ይህ በሰከንድ 38.4 ሜጋ ቢት ነው። ርካሿ ሳጥን የምትችለው የድሮውን የዩኤስቢ ፍጥነት፣ 12 ሜጋ ቢት ብቻ ነው። ለማውስና ለኪቦርድ ትበቃለች። ለኛ ሥራ አትሆንም። ዩኤስቢ 2ን በሙሉ ፍጥነቱ የሚያሳልፉ አሉ፣ ዋጋቸው ግን ሌላ ፓይ ይገዛል።

ከዚያ ነው ባለ ቺፑን ማራዘሚያ ያገኘሁት። አክቲቭ ይሉታል። ጫፉ ላይ ወፈር ያለች እብጠት አለችው፣ ውስጧ ምልክቱን እንደ አዲስ አድሶ የሚያሳልፍ ቺፕ አለ። ኮምፒውተሩ እንደ አንድ ሃብ፣ ማለትም እንደ ዩኤስቢ ማከፋፈያ፣ ነው የሚቆጥረው። ሕጉ በመካከል እስከ አምስት ሃብ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ 5 ሜትር በ5 ሜትር እየተቀጠለ ሩቅ መሄድ ይቻላል።

የመጀመሪያው የገዛሁት ግን ሐሰተኛ ነበር። ስሙን የማልጠራው ሱቅ «አክቲቭ ነው» ብሎ ማለልኝ። እብጠቷን ስከፍታት ውስጧ ፕላስቲክ ብቻ ነው፣ አራቱ ሽቦዎች ዝም ብለው ያልፋሉ። እናንተ ሳትከፍቱ የምታውቁበት ዘዴ አለ። ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ገመዱን ብቻውን፣ ጫፉ ላይ ምንም ሳታደርጉ ሰኩት። እኔ በደህናዎቹ ላይ እንዳየሁት የዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ አዲስ ሃብ ብቅ ይላል። ምንም ካልመጣ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ። ባለሱቁ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

እውነተኛው ባለ 10 ሜትር ከአዲስ አበባ መጣልኝ። ሠራ! ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ስታግል፣ ሰባት ሰዓት ላይ ጠፋ። ማታ ተመለሰ። በማግስቱ ያው። ስለካው ከጫፉ 4.4 ቮልት ነው፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ። ቺፑም የራሱን ድርሻ ስለሚበላ ሙቀት ሲጨመር የሚተርፍ ነገር የለም።

የኔ መፍትሔ ቀላል ነበር። የገዛሁት ገመድ ጫፉ ላይ 5 ቮልት የሚገባባት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። አብዛኛው ሰው አያያትም። ከጠረጴዛው ከአንድ ደህና ቻርጀር ተነሥቼ፣ ባለ 1.5 የመብራት ገመድ ከዩኤስቢው ጎን ለጎን ወደ ላይ አወጣሁ። ይህ ወፍራም ሽቦ በ10 ሜትር ላይ 0.1 ቮልት እንኳ አይጥልም። ጫፉ ላይ 4.9 ሆነ። ከዚያ ወዲህ በሙቀት ጠፍቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ፕላስና ማይነሱን በቴስተር ሳታረጋግጡ አትሰኩ። የኔ አንድ ዶንግል ጭስ ሆና ያረገችው «አውቀዋለሁ» ስል ነው። ሌላው፣ አንዳንድ ገመድ ከላይ የገባውን ኃይል ወደ ታች ወደ ፓይዋ ይመልሰዋል። ፓይዋን ነቅያት ቀይ መብራቷ ጭል ጭል ስትል አይቼ ነው የነቃሁት። አሁን ሁለቱም ቻርጀሮች አንድ ዲቫይደር ላይ ናቸው፣ አብረው ይበራሉ፣ አብረው ይጠፋሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም እንደዚያው። በኛ ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንቴናውን ራሴ ነው የሠራሁት። ግዢ አያስፈልግም ባይ ነኝ። የ1090 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 27.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ሩቡ 6.9 ይሆናል። አንድ የመዳብ ሽቦ በዚህ ልክ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አራት ሌሎች ከሥሩ እንደ ሸረሪት እግር ወደ ታች 45 ዲግሪ ይዘረጋሉ። ስታኞ፣ ካውያ፣ ግማሽ ሰዓት። ዘንጉ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ጋደም ካለ ትልቅ ኪሳራ ነው። ከጉልላቱ ሁለት ሜትር ከፍ ባለ የባሕር ዛፍ አጠና ላይ አሰርኩት።

መቀበያዋ ያለችው ከቆርቆሮው ሥር፣ ከኮርኒሱ በላይ፣ የአንድ ኪሎ የማር ዕቃ ውስጥ ነው። የጅማ ማር ዕቃው እንኳ ጠቃሚ ነው። ዕቃው የተቀመጠው ወራጁ እንጨት ላይ ነው፣ ቆርቆሮውን አይነካም። ሥሩ ላይ ሁለት ቀዳዳ በስቻለሁ። መጀመሪያ ግጥም አድርጌ በሲሊኮን አሽጌው ነበር። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጤዛ ሠርቶ ጠዋት ስከፍተው ዶንግሏ አልቧታል። ውሃ ከውጭ ብቻ ይመጣል ያለው ማነው?

ከአንቴናው እስከ መቀበያዋ ሦስት ሜትር የዲሽ ገመድ አለ። የዲሽ ገመዱን ጉዳይ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት፣ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ምናልባት ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። አርጂ-6 የሚባለው ይህ ነጩ ገመድ በየሱቁ አለ። በሜትር የሚበላው 0.22 ዴሲቤል ገደማ ነው፣ ከአርጂ-58 ሲሶ ቢጠጋ ነው። 75 ኦም ስለሆነ ከ50 ኦሙ ዶንግል ጋር አይገጥምም የሚሉ አሉ። የሚጠፋው እዚህ ግባ አይባልም። የዲሽ ገመዱን መሰኪያ (ኤፍ) ወደ ዶንግሏ መሰኪያ (ኤስኤምኤ) የሚቀይር ብቻ ፈልጉ። ርቀታችሁ ስድስት ሰባት ሜትር ከሆነ ዩኤስቢውን እርሱት። መቀበያዋን ኮምፒውተሩ ጋ ተዉና የዲሽ ገመድ አውጡ። ከሰባት እስከ 15 ሜትር የኔ መንገድ ይሻላል። ከዚያ ከበለጠ ግን ፓይዋን ራሷን ወደ ላይ አውጡ። የኔትወርክ ገመድ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል፣ ዩኤስቢዋም አንድ ስንዝር ትሆናለች።

ዝናቡ ሌላ ትምህርት ነው። ጅማ ላይ ዝናብ ማለት ክረምት ብቻ አይደለም፣ በመጋቢት ይጀምርና ጥቅምትን ያሳያችኋል። ገመዱ ወደ ቤት ከሚገባበት ቀዳዳ በፊት ሆዱን ወደ ታች አንጠልጥሉት። ውሃው ገመዱን ይዞ ይወርድና ከዚያች ሆድ ላይ ይንጠባጠባል፣ ወደ ውስጥ አይገባም። እኔ ይህን ሳላደርግ የመጀመሪያው መሰኪያዬ ውስጡ እንደ አሮጌ ሳንቲም አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። መሰኪያዎቹን በናስትሮ ስትጠቀልሉ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉ፣ እንደ ቆርቆሮ ክዳን የላይኛው በታችኛው ላይ እንዲደርብ።

ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ግን ዘዴ የለኝም። እነቅላለሁ። የአንቴናውን ገመድ ከዶንግሏ፣ ዩኤስቢውን ከፓይዋ፣ ቻርጀሩን ከሶኬት። ከጣሪያ በላይ የቆመ ብረት ከሳሎኔ ኮምፒውተር ጋር በሽቦ ተያይዞ እያለ ተኝቼ አላውቅም። ደመናው ከላይ ከመጣ በኋላ ደግሞ ገመዱን መንካት የለም፣ ቀድሞ ነው።

አይጡንም ልንገራችሁ። በነሐሴ ምልክቱ መቆራረጥ ጀመረ። ቮልት ለካሁ፣ ደህና። ገመድ ቀየርኩ፣ ደህና። ሳምንት ቆይቶ ደገመው። ኮርኒሱ ውስጥ በባትሪ ሳይ ገመዱ ላይ የጥርስ ምልክት ተደርድሯል። አሁን በውሃ ቱቦ ውስጥ ነው የሚያልፈው።

የመጨረሻዋ ማስተካከያ ገንዘብም አትጠይቅም። ሰፈራችን ውስጥ የስልክ ማማ አለ። የስልኩ ሞገድ ከኛ ብዙ አይርቅም፣ 900ዎቹ ውስጥ ነው፣ ጉልበቱም ብዙ ነው። ዶንግሏ ጆሮዋን እስከ ጫፍ ከፍታ ስትሰማ በሱ ጩኸት ትደነቁራለች። ፕሮግራሙ ላይ የመቀበያውን ጉልበት ከ49.6 ወደ 40.2 ዝቅ ሳደርገው በሰከንድ የሚገባው መልእክት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። ካልሆነ ነው ማጣሪያ መግዛት።

አሁን በደህና ቀን እስከ 320 ኪሎ ሜትር አያለሁ፣ በተለይ በደቡብ ምዕራብ በኩል። በጅሬን በኩል ያው ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ክፍተት አለው።

እማማ ልጃቸው ስትመጣ ስልክ መደወል ትተዋል። በሬን ነው የሚያንኳኩት። ባለፈው ሳምንት ግን ሌሊቱን ሲያንጎደጉድ ስላደረ ሁሉንም ነቅዬው ነበር፣ ጠዋት ሳልሰካው ሥራ ልወጣ ስል መጡ።

«የት ደረሰች?»

«እማማ፣ ዛሬ ተነቅሏል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እንግዲያው በድሮው ነዋ» አሉና ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ጆሯቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው በረንዳው ላይ ቆሙ። እኔም ዶንግሏን ልሰካ መሰላል ላይ እያለሁ፣ «መጣች!» ሲሉ ሰማኋቸው።